የራሴን መጽሐፍ የገዛሁበት ቅዳሜ

ሥራ ከማጣቴ በፊት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ድርጅት የግዢ ክፍል ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ምን እንደነበር ለማስረዳት ብዙ አያስፈልግም፤ ሦስት ፕሮፎርማ እሰበስባለሁ። ወንበር ይሁን፣ የጽሕፈት ወረቀት ይሁን፣ የእጅ ሳሙና ይሁን፣ ከሦስት ሱቅ ዋጋ አመጣለሁ፣ ዝቅተኛውን በቀይ እስክሪብቶ አከብበዋለሁ፣ አለቃዬ ይፈርማል። ወንበሩ በሁለተኛው ወር እግሩ ቢወልቅ እኔን የሚጠይቅ አልነበረም፤ የገዛሁት ዝቅተኛውን ነው። ከዚያ ሁሉ ዓመት በኋላ ጭንቅላቴ ውስጥ የቀረው እምነት አንድ ብቻ ነበር፤ ሰው ምንጊዜም የሚገዛው ርካሹን ነው።

ድርጅቱ ሠራተኛ ሲቀንስ መጀመሪያ ከወጡት አንዱ ሆንኩ። ምናልባት ከእኔ ርካሽ ሰው አግኝተው ይሆናል።

ባለቤቴ መሠረት የግል ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት። የምንኖረው ሲ.ኤም.ሲ ጀርባ፣ ሁለት ክፍል ተከራይተን ነው። ወንድሟ ዳዊት ሐዋሳ ላይ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አለው፤ ሥራ ማጣቴን እንደሰማ ደውሎ ንብረት ክፍል አስገባዋለሁ አላት። ዳዊት ደግ ሰው ነው። ችግሩ ከእሱ ጋር ሁለት ሰዓት ብትቀመጡ ስለ ቆርቆሮ ውፍረት ሁለት ሰዓት ትሰማላችሁ። ስድስት ወር ስጪኝ ብዬ ለመንኳት። እሷም ሰጠችኝ፤ ግን አስተማሪ ናትና የመጨረሻውን ቀን ግድግዳው ላይ ባለው ካላንደር በሰማያዊ ቀለም አሰመረችበት። ቀኑ ሰኞ ነበር።

በዚያ ስድስት ወር የሞከርኩት ሥራ ያገለገሉ መጻሕፍትን በኢንተርኔት መሸጥ ነው። ጎረቤቶቻችን ቤት ሲለቁ ሁለት ካርቶን መጽሐፍ ለቁራሌው ሲሰጡ አየሁ። ከቁራሌው ላይ ገዛሁትና ፎቶ አንስቼ ቻናል ከፈትኩ፤ ስሙንም «ዝቅተኛ ዋጋ መጻሕፍት» አልኩት። መሠረት ስሙ የጨረታ ማስታወቂያ ይመስላል አለችኝ። እኔ የወደድኩትም ለዚያ ነበር። አንባቢ እንዳልነበርኩ ግን ልደብቃችሁ አልፈልግም። መጽሐፍ ለእኔ ውፍረቱ የሚለካና የኋላ ሽፋኑ ላይ በእርሳስ ቁጥር የሚጻፍበት ዕቃ ነበር።

ያኔ ከእኔ በፊት የጀመረ «የተነበበ» የሚባል ሌላ ቻናል ነበር። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ ፊቱንም ስሙንም አያሳይም። እኔ ግን ማለዳ ዓይኔን ከመታጠቤ በፊት እሱን ነበር የምከፍተው። በሁለት መቶ ብር ያወጣውን መጽሐፍ እኔ በመቶ ዘጠና አወጣለሁ። እሱ ምንም አይመልስም፤ ዋጋውን አይነካውም። አሥር ብር ካላስደነገጠው ብዬ ሃምሳ ቀነስኩ። አሁንም ዝም። ጭራሽ መጽሐፎቹ ላይ አንድ በአንድ «ተሸጧል» እያለ ይጽፋል። ይህ እንዴት ይሆናል? በአራተኛው ወር ተናደድኩና ግማሽ በግማሽ ወረድኩ። እሱ የሌለውን መጽሐፍ እንኳ እሱ ቢኖረው ስንት ይል ነበር ብዬ ገምቼ በግማሹ እለጥፍ ጀመር።

ከዚያ በኋላ ሰው መጽሐፎቼን እንደ ትኩስ ሳምቡሳ ተሻማቸው። ሀና፣ ትዕግሥት፣ አቶ ግርማ፣ እህተ ማርያም የሚባሉ ሰዎች ይጽፉልኛል። አብዛኞቹ ደግሞ ሾላ ገበያ፣ ዘነበች የምትባል ቅመም ሻጭ ጋ አድርስልን ይላሉ፤ ዘነበችም ብሩን ትሰጠኛለች። ለመሠረት ሾላ ውስጥ አንባቢ እንደ አሸን ፈላ ብዬ ጉራ ነዛሁባት። ቅመም ተራው የምሁራን ሠፈር ሆኗል አልኳት። እሷ ግን ይህን ያህል ከሸጥክ ለምን የታክሲ ከእኔ ትወስዳለህ ብላ ጠየቀችኝ። እውነቱን ለመናገር መጽሐፉን ከገዛሁበትና ለማድረስ ከማወጣው ላይ የሚተርፈኝ አንድ ማኪያቶ አይሞላም ነበር።

ሰኞ ሦስት ቀን ሲቀረው አንድ ነገር አሰብኩ። ይህ «የተነበበ» መጽሐፍ የሚያገኝበትን ቦታ ባውቅ እኔም እዚያው ሄጄ እገዛለሁ፤ ያኔ ያልቅለታል። ስለዚህ የመጣበትን የሚያሳይ ምልክት ቢገኝበት ብዬ ዓርብ ዕለት በመሠረት ስልክ አንድ መጽሐፍ አዘዝኩ። ስለ ንብ እርባታ የሚያስረዳ የቆየ መጽሐፍ ነው፤ አራት መቶ ሃያ ብር ይላል። እኔም አንድ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነበረኝ፤ ከሁለት ሳምንት በፊት በመቶ ሃምሳ ሸጬዋለሁ። ሰውየው ይህን ዋጋ ለመጠየቅ ምን ዓይነት ድፍረት ቢኖረው ነው ብዬ ተገረምኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ሞተረኛው አመጣው። የማድረሻውን ጨምሬ ከፈልኩ። መጽሐፉ በንጹሕ ላስቲክ ተጠቅልሏል፤ ጀርባው ተሰፍቶና ተለጥፎ ቀጥ ብሏል። ውስጡ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ የተሞላ ካርድ አለ። «ገጽ አርባ ላይ ትንሽ የሻይ እድፍ አለ፤ ንባብ አያውክም። ንቦች ሰውየውን የሚያባርሩበት ምዕራፍ የመጽሐፉ ምርጥ ክፍል ነው» ይላል። ካርዱን አንብቤ ሳልጨርስ አስነጠሰኝ። ደግሞ አስነጠሰኝ። መጽሐፉ በርበሬ በርበሬ ይሸታል።

መሠረት የክፍል ሥራ እያረመች ነበር። እኔ መጽሐፉን እያገላበጥኩ መስኮቱ ጋ ሄድኩ። የኋላ ሽፋኑን ስከፍት ጥጉ ላይ በላጲስ የተፋቀ ነገር አየሁ። ወደ ብርሃኑ አዘነበልኩት። እርሳሱ ጠፍቷል፤ የተጫነበት ጉድጓድ ግን ቀርቷል። መ-47።

መ-47 የእኔ ቁጥር ነው። የእኔ እጅ ጽሑፍ ነው። አራትን እንደዚያ አጣምሞ የሚጽፍ ሌላ ሰው አላውቅም።

መሠረት ምን ሆንክ አለችኝ። ቁጥሩን አሳየኋት። ትንሽ አየችውና መጀመሪያ መጽሐፉን፣ ቀጥሎ እኔን፣ ከዚያ የሞተረኛውን ደረሰኝ ተመለከተች። «በመቶ ሃምሳ የሸጥከውን በአራት መቶ ሃያ ገዛኸው?» አለችኝ። ቀይ እስክሪብቶዋ ከእጇ ወደቀ። እየሳቀች ወንበሩ ላይ ተቀመጠች፤ ከወንበሩም ወርዳ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ከተጋባን ዘጠኝ ዓመታችን ነው፤ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

እኔ አልሳቅኩም። ደብተሬን አወጣሁና መ-47 ለማን እንደተሸጠ ፈለግኩ። «ወ/ሮ ሀና፣ ሾላ፣ ዘነበች ጋ» ይላል። ጃኬቴን ለብሼ ወጣሁ።

ከሲ.ኤም.ሲ እስከ መገናኛ በታክሲው ውስጥ የማነበንበው አንድ ነገር ነበር። ሀናን አገኛታለሁ፤ መጽሐፉን ለማን ሸጥሽው እላታለሁ፤ እሷ ትነግረኛለች። ሾላ ስደርስ ቅዳሜ ነውና ገበያው እግር አያስቀምጥም። በሽንኩርት ማዳበሪያዎችና በሰው ትከሻ መካከል ተጋፍቼ ዘነበች ጋ ደረስኩ። ዘነበች ሃምሳ ዓመት ገደማ የሆናት፣ ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አሥራ በርበሬ የምትሰፍር ሴት ናት። ሀናን ፈልጌ ነበር አልኳት። የለችም አለችኝ። መቼ ትመጣለች ስላት ወደ በርበሬው ዞረች። ትዕግሥትስ አልኩ። እሷም የለችም። ለሀና የምሰጣት ስጦታ አለ ብዬ ዋሸሁ፤ እየዋሸሁ ሦስት ጊዜ አስነጠሰኝ፤ ያም ውሸቱን አበላሸው።

ዘነበች መስፈሪያውን አስቀመጠችና ከላይ እስከ ታች አየችኝ። ደከመኝ ያለች ትመስላለች።

«ስማኝ ወንድሜ፣ ሀና የለችም። ትዕግሥትም የለችም። አቶ ግርማ የእኔ ባል ነው፤ እሱ ደግሞ ማንበብ አይወድም። ሁሉም እትዬ አስካለ ናት። እኔ ይህን ሁሉ ስም መያዝ ሰልችቶኛል፤ ሂድና ራሷን ጠይቃት።»

እትዬ አስካለ ማን ናት? ዘነበች እንደነገረችኝ ለብዙ ዓመት የትምህርት ቤት ላይብረሪ የሠራች፣ ጡረታ የወጣች፣ ቀበና የምትኖር ደንበኛዋ ናት። ጉልበቷን ስለሚያማት ከቤት ብዙ አትወጣም። መንገዱን አስረዳችኝ። ልሄድ ስነሳ ቆይ ብላ ከመደርደሪያዋ ሥር አንድ ከበድ ያለ ፌስታል አወጣች። እግረ መንገድህን ይህን አድርስላት አለችኝ። ፌስታሉ ውስጥ ግማሽ ኪሎ በርበሬና ስድስት መጽሐፍ አለ። ስድስቱም ሐሙስ ዕለት እኔው ያመጣኋቸው ነበሩ።

«የተነበበ» ማለት እሷ መሆኗ ያኔ ገባኝ። እንግዲህ አስቡት። ተፎካካሪዬን ልፋለም እየሄድኩ ነው፤ በእጄ የራሴን መጽሐፍ ለተፎካካሪዬ በነፃ አደርሳለሁ።

ከታክሲ ወርጄ በእግር ስሄድ ከእንጦጦ በኩል ጥቁር ደመና ወረደ፤ ካፊያ ጀመረ። የምናገረውን እያሰላሰልኩ ነበር። መጀመሪያ «ሴትዮ» ብዬ ልጀምር አሰብኩ። ከዚያ በዕድሜ የገፉ ናቸውና «እትዬ» ይሻላል አልኩ። «እትዬ» ካልኩ ደግሞ ንግግሩ ሁሉ እየለሰለሰ መጣ። ፌስታሉ ቀዳዳ ነበረው፤ መጽሐፎቹ እንዳይርሱ ጃኬቴን አውልቄ ጠቀለልኳቸው። የወንዙን መንገድ ቁልቁል ይዤ አረንጓዴው የቆርቆሮ በር ስደርስ ሸሚዜ ሰውነቴ ላይ ተለጥፏል፤ ከንግግሬም የቀረኝ «ይህ ትክክል አይደለም» የሚለው ብቻ ነበር።

በሩን የከፈቱት አንዲት ቀጭን አሮጊት ናቸው። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ሙጫ የነካው ብሩሽ ይዘዋል። መጀመሪያ ጃኬቱን አዩ፣ ከዚያ ከጃኬቱ የወጣውን የመጽሐፍ ጫፍ፣ ከዚያ እኔን።

«አንተ ነህ ርካሹ?» አሉኝ።

ይህ ትክክል አይደለም ማለት ያለብኝ እዚያ ላይ ነበር። እኔ ግን «አዎ» አልኩ።

ግባ፣ መጽሐፎቹን ደረቅ ቦታ አድርጋቸው፣ ለአንተም ፎጣ እሰጥሃለሁ አሉ። ገባሁ። መስኮቱ ሥር ትልቅ ጠረጴዛ አለ፤ ላዩ ላይ ላጲስ፣ መርፌና ወፍራም ክር፣ የሙጫ ጣሳ፣ የጥርስ ብሩሽ፣ ነጭ ካርዶች። ስልካቸው ሁለት መዝገበ ቃላት ላይ ተደግፎ ቆሟል፤ ፎቶ የሚያነሱበት እሱ ነው። ግድግዳው ላይ ባለው መደርደሪያ መጽሐፍ ተደርድሯል። ከግማሽ በላይ የሚሆነውን አወቅኩት። ልጆቼን ሰው ቤት ያየሁ ያህል ነው የተሰማኝ፤ ያውም እዚህ ታጥበው፣ ተበጥረው።

ሻይ ቀድተው ሰጡኝ። ግማሹን ጠጥቼ ድፍረት አገኘሁ። በውሸት ስም እየገዙኝ እንደነበር፣ ይህም ነውር መሆኑን ነገርኳቸው።

«ስሜን ብነግርህ በዚያ ዋጋ ትሸጥልኝ ነበር?»

«አልሸጥም ነበር።»

«እንግዲህ» አሉ።

ቆይተው ግን መጀመሪያ ላይ ትንሽ አፍረው እንደነበር ነገሩኝ። ድሮ አሮጌ መጽሐፍ ተራ እየዞሩ የሚመርጡት ራሳቸው ነበሩ። ጉልበታቸው እምቢ ሲላቸው ሥራው አበቃ ብለው መደርደሪያቸውን ሊያስለቅቁ ነበር። ያኔ አንድ ያልታወቀ ሰው መጣና ጥሩ ጥሩ መጽሐፍ በግማሽ ዋጋ ሾላ ድረስ ማምጣት ጀመረ። እግዚአብሔር የላከው መስሏቸው ነበር። የጎደለው ስም ብቻ ነበር፤ ስም ደግሞ ፈጠሩ።

ከደንበኞቼ ስንቶቹ እርስዎ ነዎት ብዬ ጠየቅኳቸው። ደብተርህን አንብብ አሉኝ። ያለፈውን ወር ገጽ ከፍቼ ሃያ ሦስቱን ስም አንድ በአንድ አነበብኩ። ሀና ስል «እኔ ነኝ» ይላሉ። ትዕግሥት፤ «እኔ ነኝ።» እህተ ማርያም፤ «እህተ ማርያም ጎረቤቴ ናት፤ የገዛችው ግን ለእኔ ነው።» ኮሎኔል በላቸው ስል ትንሽ ፈገግ አሉና እሱን ስም በጣም እንደወደዱት ተናገሩ። ኢንጂነር ተስፋዬ ላይ ስደርስ አላውቀውም አሉኝ። እርግጠኛ ነዎት አልኩ። እርግጠኛ ነኝ አሉ። ከወንበሬ ተነስቼ ኢንጂነር ተስፋዬን ባቅፈው ደስ ባለኝ። በመጨረሻ ከሃያ ሦስቱ አሥራ ዘጠኙ እትዬ አስካለ ሆኑ። የሾላ ምሁራን ሠፈር አንድ ጉልበታቸውን የሚያማቸው አሮጊት ነበር።

ከዚህ በኋላ መከራከር ትርጉም አልነበረውም። ለማንኛውም ሰኞ ያበቃል፣ ሐዋሳ ሄጄ ቆርቆሮ ልቆጥር ነው አልኳቸው። እንዲያዝኑልኝ ብዬ ነበር የተናገርኩት። እሳቸው ግን ብሩሹን አስቀመጡ። መደርደሪያውን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ጉልበታቸውን ዳሰሱ። እኔ ከሄድኩ የሚያመጣላቸው ሰው እንደሌለ ያኔ ነው የገባኝ። ለስድስት ወር ሳሳድዳት የኖርኩት ቻናል የቆመችው በእኔ እግር ነበር።

እትዬ አስካለ ካመጣሁት ፌስታል ውስጥ አንድ መጽሐፍ አወጡ። ሽፋኑ የተገነጠለ የደብዳቤ አጻጻፍ መምሪያ ነው።

«ይህን ለምን ዘጠና ብር አልከው?» አሉኝ።

የእርስዎ ቻናል ላይ ተመሳሳዩ መቶ ሰማንያ ስለነበር ነው አልኩ። እኔ እንዲህ ያለ መጽሐፍ ኖሮኝ አያውቅም አሉ። በውፍረት ማለቴ ነው አልኩ። በውፍረት ከአንድ የሒሳብ መጽሐፍ ጋር እኩል ነበር። ከዚያ መጽሐፉን ጭኔ ላይ አስቀመጡትና አንብበው አሉ፤ ስልኬን ደግሞ ከእጄ ወስደው የሚቀመጡበት ትራስ ሥር ከተቱት።

ሦስተኛው ገጽ ላይ የጎረቤቱ ዶሮ ጎመኑን የበላችበት ሰው የሚጽፈው የአቤቱታ ደብዳቤ አለ። ቀጥሎ የዶሮዋ ባለቤት መልስ አለ፤ ዶሮዋ ጨዋ መሆኗን ይገልጻል። ሃያ ሁለተኛው ገጽ ላይ አንድ ሠራተኛ እናቱና ሚስቱ ስለተጣሉ መሃል ገብቶ ለማስታረቅ የአራት ቀን ፈቃድ ይጠይቃል። አለቃው በጣም በተከበረ ቋንቋ ይከለክለዋል፤ ምክንያቱም አለቃው ራሱ በዚሁ ጉዳይ ፈቃድ ላይ ሊወጣ ነው። ይህን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። እትዬ አስካለ ዓይናቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ሳቁ። ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። ካፊያው መቼ እንዳባራ አላውቅም። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ገጽ መቶ አሥር ላይ ነበርኩ።

በመሃል ትራሱ ሥር ስልኬ ጮኸ። እትዬ አስካለ አውጥተው ራሳቸው አነሱት። መሠረት ነበረች። ባልሽ እዚህ ነው፣ ደህና ነው፣ እያነበበ ነው አሏት። ኋላ እንደነገረችኝ ከሁሉም ያላመነችው የመጨረሻውን ነው።

አንብቤ ስጨርስ አሁን ዋጋ አውጣለት አሉኝ። ሁለት መቶ አልኩ። ፈሪ አሉኝ። ከዚያ እንዲህ ነው ብለው አስረዱኝ። ይህ መጽሐፍ በየቤቱ አለ ወይስ የጠፋ ነው? ገጽ ጎድሎታል? ማን ነው አይቶት የሚስቀው፣ ያ ሰውስ ለአንድ ምሳ ስንት ያወጣል? በጣም ካረከስከው ደግሞ አንባቢው ምን ጎድሎት ይሆን ብሎ ይጠረጥራል አሉ። እርስዎስ የሌላውን ዋጋ አያዩም ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«አያለሁ እንጂ። ያንተንም በየቀኑ አያለሁ። ግን መጨረሻ ላይ ነው የማየው፤ አንተ መጀመሪያ ላይ ታያለህ።»

አንድ ነገር ግን ከነከነኝ። እኔ ይህን ከተማርኩ እርስዎ ከእኔ በግማሽ ዋጋ መግዛትዎ ያበቃል አልኳቸው። አውቃለሁ አሉ። ሐዋሳ ከሄድክ ግን በምንም ዋጋ አላገኝም። ይህን ያሉኝ ሽፋኑን ሙጫ እየቀቡ፣ ቀና ብለው ሳያዩኝ ነው።

መጽሐፉን በአንተ ቻናል ላይ አውጣው፣ ግን ዘጠና ብሬን መልስልኝ አሉኝ። መለስኩላቸው። እንዲህ ሆኖ በአንድ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ የራሴን መጽሐፍ ገዛሁ። ፎቶውን መስኮቱ ጋ አነሳሁት። ከሥሩ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አምስት መስመር ጻፍኩ፤ ስለ ዶሮዋ፣ ስለ አለቃው፣ ገጽ ስልሳ ጥጉ ስለመቀደዱ። ዋጋ፣ ሦስት መቶ ሰማንያ ብር። ለጠፍኩት።

በአሥር ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው «ተሳስታችሁ ነው?» ብሎ ጻፈ። ሌላው ሳይናገር ቻናሉን ለቀቀ። ከዚያ ሌላ ሁለት ሰው ለቀቀ። ሦስት መቶ ላድርገው አልኩ። እትዬ አስካለ ስልኩን እንደገና ወስደው ትራሱ ሥር ከተው ተቀመጡበት። እኔ ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተመላለስኩ። እሳቸው ክር በመርፌ እያስገቡ፣ አርባ ልጅ ላይብረሪ ውስጥ ዝም አሰኝቼ አውቃለሁ፣ አንተ አንድ ሰው አቃትከኝ አሉኝ። ተቀመጥኩ።

አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከትራሱ ሥር ድምፅ ተሰማ። እትዬ አስካለ አውጥተው በመነጽራቸው አዩና ስልኩን ለእኔ አቀበሉኝ። ራሔል የምትባል ሴት ናት። የእናትና የሚስት ደብዳቤ ያለበት መጽሐፍ አልተሸጠም አይደል፣ ሰኞ ሲ.ኤም.ሲ ልቀበልህ እችላለሁ ትላለች። ስለ ዋጋው አንድ ቃል አልጻፈችም። እሷም እሳቸው እንዳይሆኑ ጠርጥሬ እትዬ አስካለን አየኋቸው፤ «ይህችኛዋ እኔ አይደለሁም» አሉኝ።

ቤት ስገባ መሠረት የንቡን መጽሐፍ ይዛ ሶፋው ላይ ተጋድማ አገኘኋት። አራት መቶ ሃያ ብር ተከፍሎበት ዝም ብሎ ይቀመጥ ወይ ብላ ነው የጀመረችው። ንቦቹ ሰውየውን የሚያባርሩበት ምዕራፍ ላይ ደርሳ ነበርና ቆይ ብላኝ ጨርሳ ነው ያናገረችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። እሑድ ከቸርች ስንወጣ መንገድ ላይ ሳትቆም፣ ቀጥ ብላ እየተራመደች፣ ዳዊት ጋ እኔ እደውላለሁ፣ ሌላ ሦስት ወር ውሰድ አለችኝ። ሰማያዊ ቀለሙን ግን ካላንደሩ ላይ ሦስት ወር ወደፊት ወሰደችው።

ያ ከሆነ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሐዋሳ የሄድኩት ለዳዊት ሠርግ ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደንበኛ ጠፋኝ፤ አሥራ ዘጠኝ ሰው በአንድ ቀን ሲለይ ቀላል አይደለም። ኢንጂነር ተስፋዬ ቀረልኝ። አሁን የምሸጠው ቁጥር ከድሮው ያንሳል፤ ታክሲ ግን በራሴ እከፍላለሁ፣ የቤት ኪራዩንም ግማሽ እሸፍናለሁ። ሐሙስ ሐሙስ ቀበና እወርዳለሁ። እትዬ አስካለ ያመጣሁትን አይተው የሚፈልጉትን በስማቸው፣ በደንቡ ዋጋ ይገዛሉ፤ እኔ የማልችለውን ቅዳጅ ይሰፉልኛል። ቻናላችንን አንድ እናድርግ ብዬ ነበር። እምቢ አሉ፤ ሁለታችንም ዓይናችን እንዳይፈዝ ነው አሉ። እውነትም አንዳንድ ሳምንት በአንድ መጽሐፍ ላይ እንፎካከራለን፣ እንኮራረፋለንም።

ይህን የምታነቡ ሰዎች ሸማ የምትሸጡ፣ ጫማ የምትጠግኑ፣ ወይ እንደ እኔ ድሮ ፕሮፎርማ የምትሰበስቡ ልትሆኑ ትችላላችሁ። እኔ ምክር የመስጠት ሞያ የለኝም፤ የደረሰብኝን ግን ልንገራችሁ። ስድስት ወር ሙሉ የሰው ዋጋ እያየሁ በእጄ ያለውን ዕቃ አላየሁትም ነበር። ርካሽ የሆነው መጽሐፉ ሳይሆን የእኔ ዓይን ነበር። አሁንም ገበያውን አያለሁ፤ ከሌላው እጅግ የራቀ ዋጋ ብጽፍ የሚገዛኝ እንደሌለ አውቃለሁ። ቅደም ተከተሉን ብቻ ነው የቀየርኩት።

ራሔልን ያኔ፣ በዚያው ሰኞ ማለዳ ሲ.ኤም.ሲ አገኘኋት። ጠበቃ ናት፤ በአንድ እጇ ፋይል ይዛ ለችሎት ትቸኩላለች። መጽሐፉን ተቀብላ ገጽ ሃያ ሁለትን የእግረኛ መንገዱ ላይ ቆማ አነበበችው። ሰው ዞር ብሎ እስኪያያት ሳቀች። እኔም ዶሮዋ ትበልጣለች ብዬ ሦስተኛውን ገጽ ከፈትኩላት። ታክሲዋ አለፋት፤ ሌላም አለፋት። ልትሄድ ስትል፣ በነገርህ ላይ ስድስት መቶም ብትለኝ እከፍል ነበር አለችኝ።

ይህን ለእትዬ አስካለ ብነግራቸው ይናደዳሉ ብዬ ሦስት ቀን ደበቅኳቸው። ሐሙስ ግን አፌ አላስቻለኝም። ሙጫውን እያማሰሉ ሰሙኝ፤ ብሩሹን ጣሳው ጠርዝ ላይ አንጠባጠቡ።

«ይሁን» አሉ። «እሷም ትርፍ ያገኘች መስሏት ትሂድ። እንዲያ ያለች ሴት ተመልሳ ትመጣለች።»